የእናቴ የጡረታ ሽኝት ላይ ንግግር አድርጊ ተብያለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ጠመኔ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

እናቴ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምራ ዘንድሮ ጡረታ ወጣች። ትምህርት ቤቱ ሽኝት አዘጋጅቶላታል። ባልደረቦቿ፣ የድሮ ተማሪዎቿ፣ ከወረዳ የሚመጡ ኃላፊዎች፣ ዘመድና ጎረቤት ይገኛሉ። ርእሰ መምህሩ ደውለው «ቤተሰቡን ወክለሽ አምስት ደቂቃ ትናገሪያለሽ» አሉኝ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ እኔ ነኝ። እምቢ ማለት አይቻልም፤ ደግሞም አልፈልግም። ስለ እናቴ መናገር እፈልጋለሁ።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ስብሰባ ላይ ሪፖርት አቀርባለሁ፣ እሱ አያስፈራኝም። ስለ እናቴ ስጽፍ ግን የሚወጣው ሁሉ ድሮ የሰማሁት ነገር ነው። መግቢያዬን እዩልኝ፦

«ክቡራን እንግዶች፣ ክቡራትና ክቡራን። በቅድሚያ ይህንን ደማቅ የሽኝት ፕሮግራም ላዘጋጁልን የትምህርት ቤቱ አስተዳደርና ሠራተኞች እንዲሁም ጥሪያችንን አክብራችሁ ለተገኛችሁ እንግዶቻችን በሙሉ በራሴና በቤተሰቤ ስም ከፍ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። እናቴ ላለፉት በርካታ ዓመታት እንደ ሻማ ቀልጣ ለሌሎች በማብራት፣ ትውልድን በመቅረጽ ረገድ ከፍተኛ አስተዋፅኦ በማበርከት፣ ሙያዊ ግዴታዋን በታማኝነት በመወጣት ለዛሬዋ ቀን የበቃች ታላቅ እናት ናት።»

ሳነበው የማንም እናት ልትሆን ትችላለች። የኔን እናት አላየኋትም። ምን ላድርግ?

ሚኒ ሚዲያ፦

ጠመኔ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። እናትሽንም እንኳን ለዚህ አበቃቸው። እኔም አስተማሪ ነኝ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ተቀብሎ ማንበብ አስችሎ የሚያሳልፍን ሰው ሁሌም አከብራለሁ።

የትምህርት ቤታችንን ሚኒ ሚዲያ የማስተባብረው እኔ ነኝ። ጠዋት ከባንዲራ በኋላ ልጆቹ ማይክ ይዘው ዜና፣ ግጥም፣ አጭር ንግግር ያቀርባሉ። ጽፈው ሲያመጡልኝ ልክ እንዳንቺ መግቢያ ነው። ትልልቆቹ እንደዚያ ሲናገሩ ነዋ የሰሙት።

ለልጆቹ አንድ ነገር አሳያቸዋለሁ፤ ላንቺም ልንገርሽ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ዓረፍተ ነገሩ በረዘመ ቁጥር ሰሚው «እና ምን ሆነች?» እያለ ይጠብቃል። ወረቀት ላይ ከሆነ አንባቢ ወደ ኋላ ተመልሶ ያያል። አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ግን መመለሻ የለውም። ሦስተኛዋን ዓረፍተ ነገርሽን ጮክ ብለሽ አንብቢያት። «በማብራት»፣ «በመቅረጽ»፣ «በማበርከት»፣ «በመወጣት»። አራቱንም ይዞ ነው ሰው «ናት» ላይ የሚደርሰው። እዚያ እስኪደርስ ከአራቱ አንዱም አብሮት አይኖርም።

አንድ ሐሳብ፣ አንድ ግስ፣ አራት ነጥብ። ትንፋሽሽም በዚያው ልክ ይስተካከላል። መድረክ ላይ ድምፃቸው የሚቆራረጥባቸው ብዙ ሰዎች ፍርሃት ይመስላቸዋል እንጂ ዓረፍተ ነገራቸው ከትንፋሻቸው ስለረዘመ ነው።

ሻማዋን ተያት። በአገራችን የተሸኘ መምህር ሁሉ ሻማ ተብሏል። «ትውልድ ቀረጸች»ም እንደዚያው። ይልቅ ይሄን መልሺልኝ፦ እናትሽ የሚያደርጉት፣ አንቺ በዓይንሽ ያየሽው፣ ሌላ አስተማሪ ሲያደርገው ያላየሽው ነገር ምንድን ነው? አንድ ብቻ።

ጠበቃዋ፦

እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ እላለሁ። ንግግሩ ምን ዓይነት ነው?

የጥንት ግሪኮች ይሄን ለይተው ያስተምሩ ነበር። አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንግግርን በሦስት ከፍሎታል። አንደኛው የፍርድ ቤት ነው፤ ስላለፈ ነገር «ተደርጓል፣ አልተደረገም» ይባልበታል። ሁለተኛው የሸንጎ ነው፤ ስለሚመጣው «እናድርግ፣ አናድርግ» ይባላል። ሦስተኛው ሰው በተሰበሰበበት የሚቀርብ ውዳሴ ወይም ነቀፋ ነው። የመሪ ቀብር፣ የበዓል ቀን ንግግር፣ ሽኝት፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ጠመኔ፣ ያንቺ ሦስተኛው ነው። የጻፍሽው ግን የመጀመሪያውን ይመስላል። «ግዴታዋን በታማኝነት ተወጥታለች» የሚባለው ለዳኛ ነው። እናትሽን የከሰሳቸው የለም። ማስረጃ መደርደር አያስፈልግሽም፤ ሰው እንዲያያቸው ማድረግ ብቻ ነው።

በኛም አገር ሰው ቦታውን ለይቶ ነበር የሚናገረው። በድሮው የበላ ልበልሃ ሙግት ሁለቱ ባላጋራዎች ቆመው፣ ቃል እየመቱ፣ እየተወራረዱ ነበር የሚከራከሩት። ዳኛውም ከብቦ የሚሰማውም ሕዝብ የአነጋገሩን ለዛ ይመዝን ነበር። ያንኑ ሰው ለቅሶ ቤት ብታገኚው እንደዚያ አይናገርም ነበር።

ሰው ለሥራ እንዲነሣ ከተፈለገ ደግሞ ከምኒልክ የክተት አዋጅ የተሻለ አላየሁም። በ1888 ዓ.ም. መስከረም ላይ የታወጀው ማለቴ ነው። ሙሉው ጮክ ተብሎ ቢነበብ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መጀመሪያ ፈጣሪን ያመሰግናል። ቀጥሎ አደጋውን በአጭሩ ይናገራል፤ ጠላት ባሕር ተሻግሮ መጥቷል። ከዚያ ንጉሡ ከሰሚው ጋር ያላቸውን ነገር ያነሣሉ፤ የበደልሁህ አይመስለኝም፣ አንተም አላስቀየምኸኝም ይላሉ። እዚህ ጋ ነው ልብ የሚገዛው። ከዚያ «ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ» ይመጣል። ጉልበት የሌለውስ? እሱም አልቀረም፤ ለልጁ፣ ለሚስቱ፣ ለሃይማኖቱ ሲል በሐዘን እንዲረዳ ተጠይቋል። ከአልጋ የማይነሣው ሽማግሌ ሳይቀር ድርሻ ተሰጠው። መጨረሻ ላይ ጊዜና ቦታ አለ፦ የሸዋ ሰው በጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከትቶ ይገኝ። ሰሚው «ታዲያ ምን ላድርግ?» ብሎ አይጠይቅም። ስንቅ መቋጠር ብቻ ነው የቀረው። የካቲት 23 የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ጠመኔ፣ አዳራሽሽ ውስጥ ማን ማን እንደሚቀመጥ አስቢ። የድሮ ተማሪዎች፣ ባልደረቦች፣ ዘመድ። ንግግርሽ ሲያልቅ ምን እንዲያደርጉ ነው የምትፈልጊው?

ጠመኔ፦

መምህር፣ ጥያቄህን ይዤ ስዞር ዋልኩ። አንድ ነገር አገኘሁ።

ጳጉሜ ላይ እናቴ የስም መጥሪያ ደብተሩን ቤት ታመጣዋለች። ማታ ወጥ እያማሰለች የአዲሶቹን ልጆች ስም ትጠራለች። እኛ ልጆቿ «አቤት» እንላለን። እስክትለምደው ድረስ ደጋግማ ትጠራለች። አንዴ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ «እማ፣ ክፍል ስትገቢ አታነቢውም? አሁን ምን አለፋሽ?» አልኳት። «በመጀመሪያው ቀን ስሙን ያጣመሙበት ልጅ ዓመቱን ሙሉ እጁን አያወጣም» አለችኝ።

ይሄ ይሆናል? ትንሽ ነገር ነው ብዬ ፈራሁ። የኃላፊዎቹ ንግግር ትልልቅ ነገር ይኖረዋል።

ጠበቃዋ፣ ላንቺ ጥያቄ ደግሞ ገና መልስ የለኝም።

ሚኒ ሚዲያ፦

ይሆናል ወይ? ንግግርሽ ይሄው ነው እንጂ! ሌላውን ሁሉ ሰርዢው። እኔ ራሴ ነገ ጠዋት የስም መጥሪያዬን አወጣለሁ።

የዕድር ጸሐፊ፦

ልጄ ጠመኔ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ይስጥልን። እኔ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የምጽፈው እኔ ነኝ። የምታዘጋጂው የደስታ ንግግር ነው፤ ግን የሚጠቅምሽ ነገር አለ።

የሕይወት ታሪክ መልኩ የታወቀ ነው። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በዚህ ዓመተ ምሕረት፣ በዚህ ቦታ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ...» ይልና ሥራቸውን፣ ትዳራቸውን፣ ልጆቻቸውን ተራ በተራ ይጠራል። ከዚያ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይመጣል። ወጣቶች «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» ይላሉ። አንድ ዓይነት የሆነበት ምክንያት አለው። ቤተሰቡ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ነው። ቃል መምረጥ አይችልም። የታወቀው መልክ ተሸክሞ ያሳልፈዋል።

በዚያ መልክ ውስጥ ግን አንድ ክፍት ቦታ አለ። ከሥራቸው በኋላ፣ ከሕመማቸው በፊት። እዚያ ጋ የሰውየውን የራሱን ነገር አስገባለሁ። አንዲት ጎረቤታችን ሲያርፉ «የሰፈራችን ቦኖ ቁልፍ እሳቸው ጋ ነበር፤ አንድም ቀን አርፍደው ከፍተው አያውቁም» ብዬ ጻፍኩ። ሲነበብ ለቀስተኛው በሙሉ አለቀሰ። ሁሉም ጀሪካን ይዞ በማለዳ እዚያ ተሰልፏላ። ያንቺም የስም መጥሪያ እንደዚሁ ነው። ትንሽ ነው ብለሽ አትናቂው። አዳራሹ ውስጥ ስሙ በእናትሽ አፍ የተጠራ ሰው ሞልቷል።

አሁን የማልስማማበትን ልናገር። ምስጋናውን ጨርሰሽ እንዳትቆርጪ። አገራችን ነው። አባቶች ተቀምጠው፣ ከወረዳ ሰው መጥቶ፣ ሳታመሰግኚ ብትጀምሪ «ምን ዓይነት ልጅ ናት» ይባላል። ወቀሳው ደግሞ አንቺ ላይ አይቆምም፤ እናትሽ ጋ ይደርሳል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የእያንዳንዱን ኃላፊ ስምና ማዕረግ መጥራት የመድረክ መሪው ሥራ ነው፤ አስቀድመሽ አደራ በይው።

ሌላም አለ። ባልደረቦቿ «እሳቸው» ይሏታል፣ አንቺ «እሷ» ትያለሽ። የልጅ ነውና ነውር የለውም። ግን ከጀመርሽበት አትውጪ። አንዴ እሷ፣ አንዴ እሳቸው እያልሽ ብትቀላቅዪ ሰሚው ስለ ሌላ ሰው የምታወሪ ይመስለዋል። እናትሽን በቀጥታ «አንቺ» ብለሽ የምታናግሪው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መጨረሻው ላይ ይሁን።

ጠበቃዋ፦

ጋሼ፣ ስለ ምስጋናው አሳመኑኝ። እኔ ጨርሳ ትተወው ልል ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከሜሪላንድ ሰላም። እዚህ ሰርግና ምርቃት ላይ ብዙ ጊዜ የመድረክ መሪ እሆናለሁ። ስለ ርዝመት አንድ ነገር ልጨምር።

ከኛ ሰዓት ተኩል ያህል ተነድቶ ጌቲስበርግ የሚባል ቦታ አለ። በ1863 እ.ኤ.አ. ኅዳር ላይ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሞቱት ወታደሮች መቃብር ሲመረቅ ዋናው ተናጋሪ ኤድዋርድ ኤቨረት ነበር። በጊዜው አንቱ የተባለ ተናጋሪ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ተናገረ። ከሱ ቀጥሎ ፕሬዚዳንት ሊንከን ተነሥቶ 270 ቃል ገደማ ተናግሮ ተቀመጠ። ሁለት ደቂቃ ገደማ ቢሆን ነው። ዛሬ ትምህርት ቤት የሚጠናው የሊንከን ነው። ኤቨረት ራሱ በማግስቱ ለሊንከን ጽፎለታል፤ አንተ በሁለት ደቂቃ የደረስክበት ቁም ነገር እኔ በሁለት ሰዓት በቀረብኩት ኖሮ ዓይነት ነገር ነው ያለው።

አምስት ደቂቃ ከተባልሽ ሦስት ተኩል ጻፊ። ጭብጨባውና ሳቁ የቀረውን ይሞላዋል። ስልክሽ ላይ ሰዓት ከፍተሽ፣ ቆመሽ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ ለኪው። በሆድ ማንበብ ያሳስታል፤ ዓይን ከአፍ ይፈጥናል።

ጊዜውንም ተደራደሪ። ርእሰ መምህሩን «ከምሳ በፊት አድርጉልኝ» በያቸው። እንጀራው ከቀረበ በኋላ የሚሰማሽ የለም። ከኬኩና ከስጦታው በፊት ከሆነ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።

እዚህ ያላችሁ ደግሞ፣ ከእንግዳው ግማሹ አማርኛ የማይሰማ ከሆነ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እየተረጎማችሁ አትሂዱ። ሁለቱንም የሚሰማው ይሰለቻል፣ አንዱን ብቻ የሚሰማው ደግሞ ሐሳቡ ይቆራረጥበታል። ታሪኩን በአንዱ ቋንቋ ጨርሳችሁ ተናገሩ፣ ከዚያ ጭብጡን በሌላው ቋንቋ በአጭሩ በሉት። አያት ያሉበት ሰርግ ከሆነ ታሪኩ በአማርኛ ይሁን። ልጆቹ የአያታቸውን ፊት አይተው ይከተላሉ።

አዲሱ ሽማግሌ፦

ርዕሱን ላለማስቀየር ነው፣ ግን አዋቂዎች ስላላችሁ ልጠይቅ። ለጓደኛዬ ሽማግሌ ሆኜ ልሄድ ነው። ከሁለት አባቶች ጋር ነኝ፣ ታናሹ እኔ ነኝ። ምን ብዬ ነው የምናገረው?

የዕድር ጸሐፊ፦

አይዞህ ልጄ። ብዙ አትናገርም። «ልጃችሁን ለልጃችን» የሚለውን ቃል የሚያወጡት ታላቁ ናቸው። ተቀመጡ ስትባሉ ቶሎ አትቀመጥ፤ አባቶቹን እያየህ እነሱ ሲቀመጡ ተቀመጥ። አንተ የተላክኸው የልጁን ጠባይና ሥራ በቅርብ ስለምታውቅ ነው። ስትጠየቅ ያየኸውን ብቻ መስክር። ደመወዙን አታጋን። «ቀጠሮ እንስጣችሁ» ካሏችሁ ደስ ይበልህ፤ እምቢታ አይደለም፣ ወጉ ነው።

ዜና አንባቢ፦

ራዲዮ ላይ ዜና አነብባለሁ። ጠመኔ በወረቀት ልታነቢ ነው ወይስ በቃልሽ?

ሚኒ ሚዲያ፦

በቃሏ ይሻላል እላለሁ። ወረቀት ያየ ሰው ዓይኑ ይጠፋል። ልጆቼን ሁሌ በቃል ነው የማስጠናቸው።

ዜና አንባቢ፦

መምህር፣ ለግጥም እስማማለሁ። ለእናት ሽኝት ግን አይሆንም። በቃል የተጠና ነገር አንድ ቃል ሲጠፋ ተከታዩን ይዞት ይሄዳል። እናቷን ከፊት ተቀምጣ ስታያት ቃል መጥፋቱ አይቀርም። ወረቀት መያዝ ነውር አይደለም።

አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ ወረቀት ይዘው ነው። አገራቸው ተወርራለች፣ እሳቸው በስደት ናቸው። ገና ሊጀምሩ ሲሉ ከጋለሪው የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አወኳቸው። የሩማንያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቲቱሌስኩ እነዚያ ይውጡልን ብሎ ጮኸ፣ ፖሊስ አስወጣቸው። ንጉሡ ይህ ሁሉ ሲሆን ዝም ብለው ቆመው ጠበቁ። አልተቆጡም፣ ድምፅ ለመብለጥ አልሞከሩም። ጸጥ ሲል ንግግራቸውን በአማርኛ ጀመሩ። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው አብዛኛው ሰው አማርኛ አይሰማም፤ የተከታተለው በትርጉም ነው። የአቋቋማቸው ጽናት ግን ትርጉም አላስፈለገውም። የጨረሱትም በጥያቄ ነው። ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ አሉ። ለዚያ ጥያቄ በቂ መልስ የሰጣቸው አልነበረም፣ ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ይነሣል።

ከዚያ ሁለት ነገር ውሰጂ ጠመኔ። አንደኛ፣ ከመጀመርሽ በፊት ቁሚ። ማይኩ ጋ ስትደርሺ ወንበር ይንቀሳቀሳል፣ ሰው ያወራል። አትቸኩዪ። ሰው ዝምታሽን ሲያይ ራሱ ጸጥ ይላል። ሁለተኛ፣ ስታነቢ የዓረፍተ ነገሩን የመጨረሻ ቃል ቀና ብለሽ በዪው። ግሱ እዚያ ነው ያለው። ጀማሪ አንባቢዎች ግሱ ላይ ድምፃቸው ይወርዳል፤ «ትጠራለች» የሚለው ቃል «ትጠራ...» ሆኖ ይቀራል።

ሌላው የእጅ ሥራ ነው። ከስልክ አታንብቢ፤ ይጠፋል፣ ይደወልበታል። ጠንከር ያለ ወረቀት ላይ፣ በትልቁ፣ በመስመሮቹ መካከል ቦታ ትተሽ ጻፊ። የገጹን የታችኛውን ሲሶ ባዶ ተዪው፣ አንገትሽ እንዳይደፋ። ለአፍታ የምትቆሚበት ቦታ ላይ በቀይ ጭረት አድርጊ። ማይኩን በጣትሽ እየመታሽ «ሄሎ ሄሎ» አትበዪ። ከስፒከሩ ፊት ቆመሽም አትናገሪ፤ የሚጮኸው ለዚህ ነው። በማለዳ ሄደሽ ባዶ አዳራሹ ውስጥ ሞክሪው። ባዶ አዳራሽ ያስተጋባል፣ ሰው ሲሞላ ድምፁ ይዋጣል። የተለየ ሆኖ ብታገኚው አትደንግጪ።

እንባ ከመጣብሽ «ይቅርታ» አትበዪ። አየር ወደ ውጭ አስወጪ፣ ወረቀትሽን እዪ፣ የቆምሽበትን መስመር ደግመሽ አንብቢ። ሰው ይጠብቅሻል። እናቷን እየሸኘች ያለች ልጅ ናት፤ የሚቸኩልባት የለም።

ጠመኔ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁጭ ብዬ አዲስ ጻፍኩ። የጠበቃዋ ጥያቄም መልስ አገኘ። ሰዎቹ እንዲያደርጉ የምፈልገው «አቤት» እንዲሉ ነው። እዩት፦

«የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ እንግዶቻችን በሙሉ፣ እናታችንን ልታከብሩ ስለመጣችሁ ቤተሰባችን ያመሰግናል።

እናቴ አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ሀ ሁ የምታስቆጥረው እሷ ናት።

ጳጉሜ ላይ የስም መጥሪያው ቤታችን ይመጣል። እናቴ ወጥ እያማሰለች ስም ትጠራለች። እኛ ልጆቿ አቤት እንላለን። በአንድ ምሽት የክፍሉን ልጅ ሁሉ እንሆናለን። ወንድሜን እንቅልፍ ከወሰደው የሱንም ድርሻ እኔ አቤት እላለሁ። ስም ከከበዳት ትደግመዋለች። ወጡ ሊያር ይችላል፤ ስሙ ሳይለመድ ግን አይታለፍም።

አንድ ቀን ለምን እንደምትለፋ ጠየቅኋት። በመጀመሪያው ቀን ስሙን ያጣመሙበት ልጅ ዓመቱን ሙሉ እጁን አያወጣም አለችኝ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ እናቴ ስማቸውን ያጠናችላቸው ሰዎች ተቀምጠዋል። ዛሬ ስም የምጠራው እኔ ነኝ።»

ከዚያ የስድስት የድሮ ተማሪዎቿን ስም እጠራለሁ። እነሱ ባሉበት ተነሥተው አቤት ይላሉ። የመጨረሻው መስመር ይሄ ነው፦ «እማዬ፣ ልጆችሽ እጃቸውን አውጥተዋል። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ዘመንሽ ይባረክ።»

ጠበቃዋ፦

ጠመኔ፣ አንድም ቃል ስለ «ትውልድ» አላልሽም፣ ግን ትውልዱ ራሱ ተነሥቶ ይቆማል። ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ዜና አንባቢ፦

«እኔ ነኝ» ካልሽ በኋላ ሁለት ቀይ ጭረት አድርጊ። የመጀመሪያውን ስም ከመጥራትሽ በፊት ሰው እንዲገባው ጊዜ ስጪው። የሚጠሩት ማይክ የላቸውም፤ ጮክ ብለው አቤት እንዲሉ ከወዲሁ ንገሪያቸው። አንድ ቦታም አይቀመጡ። ድምፁ ከኋላም፣ ከመሃልም፣ ከፊትም ይምጣ።

ሚኒ ሚዲያ፦

ከሩቅ ዘመን ጀምሪና ወደ ቅርብ ነይ። የመጀመሪያዋ የተጠራች ዛሬ የልጆች እናት ብትሆን፣ የመጨረሻው ደግሞ የዘንድሮ አንደኛ ክፍል ልጅ ቢሆን። እሱን አስተማሪው ወይም እናቱ ቀድመው ያለማምዱት። ሽማግሌ ድምፅ፣ ጎልማሳ ድምፅ፣ ከዚያ የሕፃን ድምፅ። እናትሽ የዘመኑን ርዝመት በጆሯቸው ይሰሙታል። ዓመቱን በቁጥር መናገር አያስፈልግሽም።

የዕድር ጸሐፊ፦

እንደ ዜና አንባቢው እኔም ሁለት ነገር አለኝ።

አንደኛው መጨረሻው ላይ ነው። «ዘመንሽ ይባረክ» የሚለው የታላቅ ቃል ነው። ልጅ እናቷን በአደባባይ አትመርቅም፤ ምርቃት ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። «እማዬ፣ ልጆችሽ እጃቸውን አውጥተዋል። መርቂን» ብለሽ አቁሚ። ማይኩን ይዘሽላት ሂጂ። ሕዝቡ አሜን ለማለት ይነሣል፣ ፕሮግራሙም በራሷ ቃል ይዘጋል። «አመሰግናለሁ» ማለት እንኳ አያስፈልግሽም።

ሁለተኛው የስም ዝርዝሩ ነው። ከነአባታቸው ጻፊና ከባለቤቶቹ ጋር በስልክ አረጋግጪ። ስለ ስም እያወራሽ ስም ብታጣምሚ ደግ አይሆንም። ዝርዝሩንም ከሽኝቱ በፊት እዚያው ለቆየ አንድ መምህር አሳዪ። ከሠላሳ ዓመት ተማሪ መካከል ያረፈ ይኖራል፣ ወንድሙን ወይም እህቱን በቅርብ የቀበረም ይኖራል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው በስሙ ተጠርቶ ሕዝብ ፊት እንዳይቆም እሱን ሳታጣሪ ማንንም አታስጠሪ።

ጠመኔ፦

ጋሼ፣ የመጨረሻውን መስመር አሁኑኑ አስተካከልኩት። አብረዋት ለረጅም ጊዜ የሠሩ አንዲት መምህርት አሉ፤ ነገ ከሥራ ስወጣ ዝርዝሩን ይዤላቸው እሄዳለሁ።